ቀይ ነጥብ በጉድጓድ አፍ

በስማዳ ቆላ ሰው ስለ በሬው ያወራል፣ ስለ ሚስቱ ያወራል፣ ሲብስበትም ስለ ጎረቤቱ ሚስት ያወራል። ማሽላውን የቀበረበትን ጉድጓድ ግን ለነፍስ አባቱ እንኳ አይናገርም። አፉን መርጎ፣ አፈር አልብሶ፣ ገለባ ነስንሶ፣ ከብት ነድቶበት ይረሳዋል፤ ማለትም የረሳ ይመስላል። ቀን ሲከፋ ማን እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ማንም ይምጣ ማን ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው እህል ነው።

ታንጉ ዋሴ የዚህ አገር ልጅ ናት። ከወገዳ ከተማ ቁልቁል ከሚወርደው መንገድ ዳር ተወልዳ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ስለ ሰብል ተምራ፣ ዲግሪዋን አንጠልጥላ ተመልሳ ቤት ተቀምጣ ነበር። የጉድጓድ እህል ለምን ይሻግታል፣ ነቀዝስ ከየት ይገባዋል ብሎ የሚያጠና ፕሮጀክት ሲመጣ መረጃ ሰብሳቢ ሆና ተቀጠረች። የሰብሳቢዎቹ አስተባባሪ ጌታነህ የታላቅ ወንድሟ ሚዜ ነው። ሚዜ ደግሞ በዚያ አገር ከወንድም አይለይም፤ አባቷ አቶ ዋሴ «ልጄ» ነበር የሚሉት።

ሥራው ሲጀመር ጌታነህ ስልኮቹን ወገዳ አንድ ሻይ ቤት ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ አፑን አስተካከለ። መጀመሪያ እንደተሠራ፣ የጂፒኤሱ ጥያቄ ሳይሞላ ወደሚቀጥለው ማለፍ አይቻልም ነበር፤ ቦታውንም በጥቂት ሜትር ልዩነት እስኪይዝ ድረስ ይጠብቃል።

«ጌትሽ፣ ይቺን ሎኬሽን ይዘን ገበሬ ቤት አንገባም» አለችው ታንጉ። «ጉድጓድህን አሳየኝ፣ ቦታውን ልመዝግብ ብል በዱላ ነው የሚሸኘኝ።»

«ገብቶኛል።» ስልኳን ተቀብሎ ሴቲንጉን ከፈተና ጥያቄውን ከፎርሙ አወጣው። መልሶም አሳያት፤ የገበሬው ስም አለ፣ የጉድጓዱ ጥልቀት አለ፣ የእህሉ እርጥበት አለ። ቦታ የሚል የለም።

ታንጉ የዋዛ አይደለችም። የስልኩን ሎኬሽን ራሷ አጠፋችው። አፑ አልከፈትም አለ።

«ይሄስ?»

«እሱ የአፑ ጠባይ ነው፤ ሎኬሽን ካልበራለት አይነሳም። አብሪው፣ ምንም አይመዘግብም። እኔ ልዋሽሽ?» ሳቀባት። «እንዲያውም ካላመኑሽ በኪዳነ ምሕረት ማይላቸው፤ ያኔ ይከፍቱልሻል።»

ማለች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ቆማ፣ «ይህ ስልክ የጉድጓዳችሁን ቦታ ቢናገር ኪዳነ ምሕረት ትፍረድብኝ» አለች። መሐላ እዚያ አገር ቀልድ አይደለም። ጉድጓዴን እከፍታለሁ ያለ ሽማግሌ ግን አልነበረም። መጨረሻ ላይ አባቷ ተነሡ። «ልጄ ከዋሸች እኔ ዋሽቻለሁ። መጀመሪያ የኔን ትክፈት» አሉ። ጉድጓዱን ለመክፈት የጠየቋት ነገር አልነበረም። በመንደሩ ተጠራጣሪ የሚባሉት አያ አለበል እንኳ በሳምንቱ ጠሯት። «እኔ ስልኩን አላውቀውም፣ ልጄ» አሏት። «አንቺን ግን አውቅሻለሁ።»

በዚህ ቃል ሰክራ ነበር የሠራችው፤ ደስ አይበላት ማን ሊላት? ከቤት ቤት ዞረች። ባለቤቱ ድንጋዩን ያነሣል፤ ከጉድጓዱ የሚወጣው ትኩስና ኮምጣጣ አየር ሰው ይገድላልና ወዲያው አይወረድም። እስኪነፍስ ድረስ አፉ ላይ ቆሞ መጠበቅ ነው። ታንጉም ስልኳን ጉያዋ ውስጥ ከታ፣ ከባለቤቱ ጋር ስለ ዝናቡና ስለ ልጆች እያወራች ትጠብቃለች። ከዚያ ናሙናዋን ወስዳ፣ ፎርሟን ሞልታ፣ ድንጋዩን አብራ መልሳ ትሄዳለች።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ፕሮጀክቱ ውጤቱን ለገበሬው አሳያለሁ ብሎ ቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ ጠራ። ጄኔሬተር ተነሣ፣ ነጭ ሻሽ ግድግዳው ላይ ተወጠረ። ከከተማ የመጣው ባለሙያ ስለ ነቀዝ ተናግሮ ሲጨርስ፣ «ሠራተኞቻችን ምን ያህል እንደደከሙ ደግሞ እዩ» አለና ለጌታነህ ምልክት ሰጠው። ከሰማይ የተነሣው የአገራቸው ፎቶ ሻሹን ሞላው። ሰው ወደደው። ያው ወንዙ፣ ያው ቤተ ክርስቲያኑ፣ ያው የእገሌ ቆርቆሮ እየተባባለ ሲስቅ፣ ጌታነህ አንድ ነገር ነካ። ቀያይ ነጥቦች ፈሰሱ።

«ታንጉ ረዘም ላለ ጊዜ የቆመችባቸው ቦታዎች ናቸው» አለ ባለሙያው ኮራ ብሎ።

ታንጉ የሆነው ነገር ወዲያው አልገባትም፤ ለአያ አለበል ግን ገብቷቸዋል። ተነሥተው ወደ ሻሹ ተጠጉና ጣታቸውን ሰደዱ። «ይህ ሾላ የኔ አይደለም?» አሉ። ነጥቧ ከሾላው ሥር ነበረች። ሁሉም ግን የራሱን ሲፈልግ ነበር። ከዚያ የባሰው መጣ፤ የራሱን ያገኘው የጎረቤቱን ማየት ጀመረ። አቶ ዋሴ ሻሹን አላዩም። ልጃቸውን ነበር የሚያዩት።

ጌታነህን ደጅ ደረሰችበት። የጄኔሬተሩን ገመድ ይጠቀልላል።

«አጥፍቼዋለሁ ብለኸኝ ነበር።»

«ጥያቄውን አጥፍቼዋለሁ፤ እሱን አልዋሸሁም» አለ ቀና ሳይል። «ይሄ ስልኩ የዋለበት ዱካ ነው፤ ማብሪያው እኔ ጋ ነው ያለው። ለገበሬውም አይደለም፣ ለእናንተ ነው። ሰብሳቢው ሻይ ቤት ተቀምጦ እንዳይሞላ አለቆቹ አብራው አሉኝ፣ አበራሁት።»

«እኔን ነበር የምትጠብቀው?»

«ሁላችሁንም።»

«አሁን አጥፋው። ካርታውን ሰርዘው።»

«ወደ ከተማ ሄዷል፤ ከእጄ ወጥቷል።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

ጌታነህ ገመዱን አስቀመጠ። «ብነግርሽ ትምዪ ነበር?»

ሰው ማመን ቀብሮ ነው ይባላል። ይህ ሰው ግን የእናቷን እንጀራ የበላ፣ ለወንድሟ ሚዜ የቆመ፣ እናቷ በበዓል ቀን ቁራሽ የሚያስቀምጡለት ነው። እንዲህ ያለውን ማን ይቀብራል? የተዋሰው ስሟን ነው፤ ሌላ የላትም ነበርና እሷም አዋሰችው። አካሏን ቢመታት ይሻላት ነበር፤ ለዱላው ቢያንስ ሽማግሌ ይቀመጣል።

ስልኩን መልሳ ሥራውን ተወች። ቄሱ ዘንድ ሄዳ ብትናዘዝ «ሳታውቂ ነው» ብለው ስግደት አዘዙላት። ሰገደች። እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ አንገቷ ላይ ተሸክማ አያ አለበል ደጅ ወደቀች። አነሷት፤ ድንጋዩን በእጃቸው አወረዱላት። «አንቺ ምን ታድርጊ፣ ልጄ» አሏት። ግን በሩን ይዘው ቆሙ እንጂ ግቢ አላሏትም።

የሰደባት የለም። ሰዉ በየፊናው ዝናብ ሳይቀድመው ጉድጓዱን ይከፍታል፣ እህሉን እያወጣ ሌላ ቦታ ይቆፍራል፤ ያልቻለው ቤቱ አስገብቶ ለነቀዝ ይሰጠዋል። አባቷ ከቅዳሴ በኋላ ከሰው ጋር መቀመጥ ተዉ። እቤት ውስጥ ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ ታንጉም ይህን ይቅርታ አድርጋ ቆጠረችው። ከነገሩ ሁሉ ይህ አንዱ ነበር ያጽናናት፤ አገሩ ቢጠላኝ አባቴ አልጠላኝም ትላለች።

አንድ ቀን እናቷ ወይዘሮ አማረች ጨውና በርበሬ አምጪ ብለው ወገዳ ገበያ ላኳት። ከሰዓት በኋላ አህያዋን እየነዳች ስትመለስ ከቤቱ ጀርባ በኩል መጣች። የእነሱ ጉድጓድ አፉ ተከፍቶ በድንጋይና በአፈር ተሞልቷል። ማሽላው የለም። አባቷ ጥላ ሥር በጋቢያቸው ተጠቅልለው፣ ሲቆፍር እንደዋለ ሰው እንቅልፍ ጥሏቸዋል።

እናቷ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለዋል።

«እማ፣ ማሽላውን ወዴት አደረጋችሁት?»

«እኔ ምን አውቄ» አሉ ወይዘሮ አማረች። «አባትሽ ነው። ለኔም አልነገሩኝ።»

እጃቸው እስከ ክርናቸው ቀይ አፈር ነበር፤ ጥፍራቸው ውስጥ እርጥብ ጭቃ አለ። ታንጉ እናቷ ሲዋሹ ሰምታ አታውቅም። እናቷም እንዳየችባቸው አይተው እጃቸውን ቀሚሳቸው ውስጥ ሰበሰቡ። ልጠይቃት፣ ልማልላት ብላ አሰበችና የምትምልበት አጣች።

«እሺ፣ እማ» አለች። ጨዉንና በርበሬውን ቤት አስገብታ፣ በጆግ ውሃ ይዛ ወጣች። «እጅሽን አምጪ» ብላ አፈሩ እስኪለቅ አፈሰሰችላቸው።