የቡሽ መንቀያውን የቀቀልኩ ዕለት

አባቴ ወይን ሲቀዳ መጀመሪያ በግራ መዳፉ ላይ ጠብ ያደርግና ደንበኛው እያየው ይቀምስ ነበር። አሳላፊ ሳይቀምስ አይሰጥም፤ ጎንደር ገጠር ሳለ የለመደው ሥርዓት ነው። የሚጠጣው ሰው ክፉ ነገር እንዳልተጨመረበት በዓይኑ አይቶ እንዲያምን ነው። እዚህ አይሁድ አገር፣ ቤርሼቫ ከተማ መጥቶም አልተወውም። በአሮጌው የከተማው ክፍል፣ ሃዒር ሃዓቲቃ ባለችው ጠባብ የወይን ሱቁ ሩሲያዊው፣ ሞሮኳዊው፣ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሁሉ ይህን ሳያይ አይገዛም። አንዳንዱማ ከወይኑ ይልቅ መዳፉን ሊያይ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ለእኛ ለቤተሰቡ ግን ቀምሶልን አያውቅም። "በአባትና በልጅ መሃል ደግሞ ምን መጠራጠር አለ?" ይል ነበር።

ሱቋን የከፈታት ፋብሪካ ውስጥ ስንት ዓመት ከለፋ በኋላ ነው። እኔ እዚሁ ቤርሼቫ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። አሁን የምጽፍበትን ፊደል ያስቆጠረኝ በወይን ካርቶን ጀርባ ላይ እየጻፈ ነው። ጉልበቱ አልታዘዝ ሲለው የሆስፒታሉን የቢሮ ሥራ ትቼ ሱቁን ተረከብኩ። ተረክቤም አርፌ አልተቀመጥኩም። ጎረቤታችን ጫማ ሰሪ ሲለቅ ግድግዳውን አስፈርሼ አሰፋሁት፤ ረጃጅም ጠረጴዛዎች አስገባሁ፤ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የአካባቢያችንን በረሃ የኔጌቭን ወይኖች ማስቀመስ ጀመርኩ። አባቴ መሃል ላይ ቆሞ ይከፍታል፣ በመዳፉ ይቀምሳል፣ ይቀዳል፣ ይቀልዳል። ሰው መጣልን። እኔ ግን አልበቃኝም። የሠርግና የባር ሚጽቫ፣ ወንድ ልጅ አሥራ ሦስት ሲሞላው የሚደገሰውን፣ ትእዛዝ አማረኝ፤ ለዚያ ደግሞ ጥብቅ ሃይማኖተኞች የሚያምኑት የካሽሩት፣ ምግቡና መጠጡ በሃይማኖቱ የተፈቀደ ነው የሚል፣ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ወረቀቱን የሚሰጡ ሰዎች ፈልጌ የጠራኋቸው እኔው ነኝ።

የላኩት ማሽጊያሕ፣ ተቆጣጣሪ ማለት ነው፣ ወፈር ያለ፣ ድምፁ ለስላሳ ሰው ነበር። መደርደሪያውን አየ፣ ምልክቶቹን አነበበ፣ ሱቁን አመሰገነ። ወዲያው አባቴ የተከፈተ ጠርሙስ ይዞ "በሩኽ ሃባ፣ እንኳን ደህና መጣህ!" እያለ ሊቀዳለት መጣ። ሰውየው ፈገግ ብሎ "ጾም ላይ ነኝ" አለና እኔን ወደ ጓዳ ጠራኝ።

"አባትሽ ጊዩር አድርገዋል?" አለኝ በዕብራይስጥ።

የእኛ ሰዎች፣ የጎንደር አይሁዶች፣ እንደመጡ በረቢዎች፣ አይሁድነታችሁ አጠራጣሪ ነው፣ ለጥንቃቄ ያህል ውሃ ውስጥ ተነከሩና እንደ አዲስ ወደ አይሁድነት ግቡ ተብለው ነበር፤ ጊዩር የሚሉት ይህን ነው። አባቴ እንቢ አለ። "ወደዚህ ስንመጣ ሱዳን በረሃ ላይ እናቴን የቀበርኳት ምን ሆኜ ነው ታዲያ?" ብሎ ጮኾባቸው ወጣ። ስለዚህ ወረቀት የለውም። ሕጉ ደግሞ ያልተቀቀለ ወይን ከተከፈተ በኋላ አይሁድነቱን ያልተቀበሉት ሰው ከነካው አይጠጣም ይላል።

"የታሸገውን ይንኩ፣ ችግር የለም" አለ ሰውየው። "ክፍቱን ግን አንቺ ቅጂ። አንቺ ወረቀት አለሽ አይደል?"

ነበረኝ። ያገባሁ ጊዜ የባሌ ቤተሰቦች ካልተነከረች አሉ፤ ተነከርኩ። ሙሽራ ሁሉ ከሠርጓ በፊት ሚክቬ፣ የመንጻት ውሃ፣ ትገባለችና አባቴ የዚያ መስሎት እልል አለ። የእኔ የጊዩር እንደነበረ አልነገርኩትም።

እዚያ ጓዳ ውስጥ ሰውየውን ውጣልኝ ማለት ነበረብኝ። እስከ ዛሬ ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ በሱ ሳይሆን በራሴ። "ቤሴደር" አልኩት፣ እሺ። አባቴ የነካቸውን የወይን መክፈቻዎች ሁሉ እንዲነጹ እንድቀቅል አዘዘኝ፤ ለዚህም ቤሴደር አልኩ።

በማግስቱ አባቴ ለጠዋት ጸሎት ምኩራብ ሲሄድ፣ ከሱቁ ምርቃት ጀምሮ ከእጁ ያልተለየውን የብረት ቡሽ መንቀያ ጓዳ ባለችው ምድጃ ላይ በድስት ቀቀልኩት። አደረቅኩና ሽርጤ ኪስ ከተትኩት።

ሲመለስ "አባ፣ ሼቭ፣ ተቀመጥ" አልኩት። "ጉልበትህ ያምሃል። ከዛሬ ጀምሮ ቡሹን እኔ ልንቀል።"

እሱ ውሃ ሊጠጣ ወደ ጓዳ ገባ፤ ትንሽ ቆየ። ሲወጣ ኪሴን አየት አደረገና "እሺ ልጄ" አለ። በሩ አጠገብ ወንበር አደረግሁለት። የታሸጉ ጠርሙሶችን አቧራ መወልወል ያዘ። ቀለለኝ፤ ምንም ያልገባው መሰለኝ። ወረቀቱ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ፣ ትእዛዙ ጎረፈ፣ እኔም ስሜ ተጠራ።

ከወራት በኋላ አንድ ሐሙስ፣ የጥንት ደንበኛችን የሆነ ሞሮኳዊ ሽማግሌ ብርጭቆውን ወደ አባቴ ዘረጋ። "እንደ ድሮው አንተ ቅዳልኝ እንጂ!"

"ልጄ ትቀዳልሃለች" አለው አባቴ። "የኔ እጅ ንጹሕ አይደለም።"

ሽማግሌው የአቧራውን ነገር መስሎት ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ደንበኞቹ እንደወጡ "አባ፣ ምን ማለትህ ነው?" አልኩት።

መወልወያውን አጥፎ አስቀመጠ። "እኛ አገር ጎረቤቶቻችን ምን ይሉን እንደነበር ታውቂያለሽ? አትንኩኝ ይሉን ነበር። እውነታቸውን ነው። ከእኛ ወገን ያልሆነ ሰው የነካውን ዕቃ እናቴ ሳታጥብ አታስገባም። ገበያ ውላ ስትመጣ ወንዝ ወርዳ ገላዋን ሳትታጠብ ደጃችንን አትረግጥም። ያን እያየሁ ነው ያደግሁ። ዕቃ ለምን እንደሚቀቀል ለእኔ አይነገረኝም።"

"ማን ነገረህ?"

"ድስቱን አልደፋሽውም። ውሃው ላይ የቡሽ ፍርፋሪ ነበር።"

የማለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ግን አፈርኩ እንጂ አላለቀስኩም። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። "እኔስ እሺ። አንቺ የእኔው ልጅ አይደለሽ? ያንቺ እጅ እንዴት ነጻ?"

ሠርጌን፣ ሚክቬውን፣ እልልታውን መልሶ ሲያስብ ፊቱ ላይ አየሁት። ባርኔጣውን አነሳና ወደ አውቶቡሱ ሄደ።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ሽኩና ጊሜል በሚባለው ሰፈር ብቻውን ነው የሚኖረው፤ የሰንበትን ወይን ሁልጊዜ እኔ እወስዳለሁ። ካለን ሁሉ የተሻለውን መርጬ ወሰድኩ። ጠርሙሱንና ያንኑ መንቀያ ፊቱ አስቀመጥኩለት። "አባ፣ አንተ ክፈተው። እዚህ ማንም የለም።"

መንቀያውን በአንድ ጣቱ ወደ እኔ ገፋው። "አንቺ ክፈቺ።"

ከፈትኩ። የቂዱሹን፣ የሰንበት ቡራኬውን፣ ጽዋ ሞልቼ በሁለት እጄ አቀረብኩለት። አልተቀበለኝም። እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ መዳፌን ያያል። መጀመሪያ አልገባኝም ነበር።

"አባ፣ እኔ እኮ ነኝ!" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "ቅመሺ።"

ጽዋውን አስቀምጬ በግራ መዳፌ ላይ ጠብ አደረግሁና እሱ እያየኝ ቀመስኩ። እስክውጠው ጠበቀ። ከዚያ ጽዋውን ተቀበለኝ።