በርበሬ የተሰጣበት ጓዳ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ መጥረጊያና ባልዲ ነበር። አሠሪዬ ሐጂ ከዓረብ አገር ሲመለሱ ቤት ያለው መኪና ይዘው መጡ፤ አልጋው፣ ምድጃው፣ መታጠቢያው ሁሉ ውስጡ ነው። ሐይቅ ከተማ አቁመው ለሙሽሮች ያከራዩታል። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ከጽዳት በላይ አልጠበቅኩም።

ሾፌሩ ሰይድ አንድ ቁልፍ ሲጫን የመኪናው ጎን እንደ መሳቢያ ወደ ውጭ ተንሸራተተ፤ መኝታ ክፍሉ ከነአልጋው። ባልዲውን ጥዬ ሮጥኩ።

«አብሽሪ! የሚገፋው ዘይት ነው እንጂ ጂኒ አይደለም» አለኝ እየሳቀ።

ያንን ክፍል ጓዳ አልነው። አንድ ቀን ሰይድ ጓዳው የሚገባበት ቦታ ላይ ሻንጣ እያለ ወደ ውስጥ ከተተውና የቁም ሳጥኑን በር ሰበረው። ሐጂ ተቆጡ። «አንተ ንዳ። ጓዳውን እሷ ትያዝ፤ የቤቷን በር እንኳ ሦስቴ ነው የምትዘጋው።»

መመሪያው በባዕድ ቋንቋ ስለነበር ሥዕሉን እያሳዩ ያስረዱኝ ሐጂ ናቸው። መጀመሪያ መኪናው መስተካከሉ በውሃ ልክ ይታያል። ከዚያ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ጎማው ሥር ታኮ ይገባል። ሞተሩ ካልተነሳ ባትሪው ይደክምና ዘይቱን የሚገፋው ፓምፕ ያቃስታል። ቁልፉን ተጭኖ መያዝ ነው፤ ጓዳው ዳር ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል፣ ያኔ ይለቀቃል።

ዘይቱ የሚለካው ጓዳው ገብቶ ነው። እኔ ወጥቶ ሳለ ለካሁና ጎደለ ብዬ ጨመርኩ። ስከተው ሞልቶ ፈሰሰ። የዚያን ቀን የለበስኩት ነጠላ እስካሁን ዘይት ዘይት ይላል።

በጓዳው ዙሪያ ያለው ጎማ በሳሙና ውሃ ተወልውሎ ይደርቃል። ሰይድ እንዲያብረቀርቅ ብሎ የምግብ ዘይት ቀባው፤ የአምባሰልን መንገድ አቧራ ሁሉ ተሸክመን ተመለስን።

አንድ ነገር ግን በመመሪያው አልነበረም። ቁልፉን ከመጫኔ በፊት መኪናውን እዞራለሁ፤ ከታችም ከላይም አያለሁ። ልጆቼን ሳልቆጥር በር ዘግቼ አላውቅም፣ ከዚያ የመጣ ነው።

«ይኸው እንደ ሐጅ ተጓዥ ጠዋፍ መዞር ጀመረች!» ይላል ሰይድ።

«በዲን አትቀልድ» ይሉታል ሐጂ። እሳቸውም ግን መዘግየቴን አይወዱትም ነበር። አንድ ቀን «ዳግመኛ ካስረፈድሽን ወደ መጥረጊያሽ ትመለሻለሽ» አሉኝ። የልጆቼ ቀለብ በዚያ ደሞዝ ነበር።

በዚያው ሰሞን ሙሽሮች ይዘን አርዲቦ ሐይቅ ዳር ሦስት ቀን ሰነበትን። በሦስተኛው ቀን ለመልስ አምባሰል መድረስ ነበረብን። የሙሽራዋ ዘመዶች እየደወሉ ነው። ሚዜዎቹ ከበሮ ይመታሉ፣ ሰይድ ሞተር አስነስቷል፣ ሐጂ ሰዓታቸውን ያያሉ።

«ክተቺው!» አሉኝ።

«አንዴ ልዙር ሐጂ።»

«ዛሬ አትዞሪም!»

ጣቴ ቁልፉ ላይ ነበር። መጥረጊያዬም ትዝ አለኝ። ጣቴን አንስቼ ወረድኩ።

ከኋላ በኩል ስደርስ ከመኪናው መሰላል ሥር አንድ ጥንድ ጫማ አየሁ። የሴት ጫማ ነው። ወጥቼ ብመለከት የሠፈሩ ባልቴት እማ ዘሀራ ጓዳው ጣሪያ ላይ ተቀምጠው በርበሬ ይለቅማሉ። ዶሮና በግ አይደርስበትም፣ ቆርቆሮውም ይግላል ብለው ጠዋት አስጥተውት ኖሯል። ጓዳው ሲገባ ጣሪያው ከመኪናው ግድግዳ ሥር ነው የሚሾልከው፤ ላዩ ያለ ሰው ግድግዳው ላይ ይደፈጠጣል። በከበሮው ድምፅ ጩኸታቸውን ማን ይሰማ ነበር?

«እማ ዘሀራ! ምን ያደርጋሉ?»

«ትንሽ ቀርቶኛል ልጄ፤ እናንተ ሂዱ፣ እኔ እወርዳለሁ!»

ሰይድ ሞተሩን አጠፋ። ሐጂ ተከትለውኝ መጥተው ወደ ላይ ሲያዩ «ያ ረቢ!» አሉና ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ከበሮው ቆመ። ሙሽራው ራሱ ወጥቶ እማ ዘሀራን አቅፎ አወረዳቸው፤ ሚዜዎቹ በርበሬውን ለቀሙ። ከጓዳው ዙሪያ ጎማ ውስጥ የገባውን የበርበሬ ፍሬ በጥርስ ብሩሽ ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ አምባሰል እስክንደርስ አስነጠሰኝ። ለመልሱ ዘገየን። ወደ መጥረጊያዬ ግን አልተመለስኩም።

ከዚያ ወዲህ ሰይድ ማርሽ ከማስገባቱ በፊት «ዞረሻል?» ይለኛል። ካልዞርኩ አይነዳም።

ለዚህ ሥራ አዲስ ለሚገቡ የምነግራቸው ይህንኑ ነው። ጓዳ የሚከተተው ዞረው ካዩ በኋላ ነው። ቢረፍድም ይዞራል።