የኦቦ ድንቃ ሚኒሞ

ባለፈው ሳምንት አምቦ መናኸሪያ ተሳፍሬ መኪናው እስኪሞላ ስጠብቅ፣ አጠገባችን አንድ አሮጌ አይሱዙ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሞ ነበር። የናፍጣው ሽታ በመስኮት ገብቶ አፍንጫዬን ሲሞላው ጌዶ ያለው ሰፈራችን ትዝ አለኝ፤ ከሁሉም ይልቅ የጎረቤታችን የኦቦ ድንቃ ግቢ።

ኦቦ ድንቃ በነቀምት መንገድ ዕድሜያቸውን የፈጁ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ። ወገባቸው ተጎድቶ መንዳት ሲያቆሙ መኪናቸው ግቢ ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ቆመች። ባትሪዋ እንዳይሞት ጠዋት ጠዋት ያስነሷታል። ያኔ የልጅ ልጃቸው ቦንቱ ጋቢና ውስጥ አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ እሳቸውም ግራሶ የጠገበውን የእንግሊዝኛ የመኪና መጽሐፍ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ቃል በቃል ያስጠኗታል። እሷ አያቷን «አካኮ፣ አካኮ» እያለች ትጠይቃለች፤ እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አያለሁ። አባቴ ካቺሲ ነበር የሚሠራው፤ በወር አንዴ ቢመጣ ነው። የቦንቱ ልብስም ጫማም አላስቀናኝም። ያቺ ስፖንጇ የወጣ የጋቢና ወንበር ግን አንጀቴን ታቃጥለው ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ሳለን የእንግሊዝኛ መምህራችን ሰሌዳው ላይ «አይድል» የሚል ቃል ጽፈው ትርጉሙን ጠየቁ። ቦንቱ ተነሳች።

«መኪናው ቆሞ ሞተሩ ሲሠራ ነው» አለች።

ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። መምህሩ «ተቀመጪ፤ ሥራ ፈት ማለት ነው» አሏት። ቦንቱ ዞራ አየችኝ። ትክክል መሆኗን አውቅ ነበር፤ ኦቦ ድንቃ ሲነግሯት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እኔ ግን ተነስቼ «አያቷ ራሳቸው ሥራ ፈት ስለሆኑ ነው!» አልኩ። ሳቁ ከቅድሙ በለጠ። ቦንቱ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ እስከ ደወል አላነሳችውም። ደስ አለኝ። ደስታው ግን ቤት እስክደርስ እንኳ አልቆየልኝም።

በማግስቱ ቅዳሜ ቦንቱ በራችን ላይ ቆማ፣ ፊቴን ሳታይ «አካኮ ነይ ብሎሻል» አለችኝ።

ተከትያት ሄድኩ። መኪናዋ ተነስታለች፤ ቦንቱ ቀድማኝ ወንበሯ ላይ ወጣች። ኦቦ ድንቃ በሩን ከፈቱልኝና «ነይ ጋቢና ውጪ፣ ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

«መምህራችሁ አልተሳሳቱም» አሉ። «እኔም አልተሳሳትኩም። እኛ ሾፌሮች ሚኒሞ የምንለውን መጽሐፉ አይድል ይለዋል። ሥራ የፈታ ሰውም፣ የቆመ ማሽንም በዚችው ቃል ይጠራል።» መጽሐፉን ዘጉት። «ሌላም አለ። አይድል ቶክ፤ ፍሬ የሌለው ወሬ። ይኼኛውን አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ቀና ማለት አቃተኝ።

«የእኔን ተይው። ለእሷ ምን ትያታለሽ?»

«ቀንቼ ነው» አልኩ።

ቦንቱ ግራ ገባት። «በምኔ?»

የተቀመጠችበትን ወንበር አሳየኋት። ኦቦ ድንቃ ወገባቸውን ይዘው እስኪያቃስቱ ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ሦስት ሆነን ጋቢና ውስጥ እናጠና ነበር። ቅናቴ ግን አልለቀቀኝም። ቁልፉን የምታዞረው ቦንቱ ብቻ ነበረች፤ እኔን ኦቦ ድንቃ አንድ ቀን እንኳ አላስነኩኝም። ሲያርፉ ልጆቻቸው መኪናዋን ሸጡ፣ መጽሐፉ ለቦንቱ ሆነ። ለቅሶው ላይ እያለቀስኩ እንኳ «ለምን ለእሷ?» እል ነበር።

አሁን ሁለታችንም አምቦ ዩኒቨርሲቲ እንማራለን፤ እሷ መካኒካል፣ እኔ እንግሊዝኛ። አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን እንኖራለን። ውጤት ሲለጠፍ እሷ ትበልጠኛለች፤ እኔም ዝም እላለሁ። ምድጃው ላይ ሽሮውን እያማሰለች ዞር ብላ ታየኛለች።

«ደግሞ ቀናሽ?»

«አዎ፣ ቀንቻለሁ» እላታለሁ።

ከዚያ እራታችንን እንበላለን።