አሜን የተባለበት ቁጥር

አክስቴ ባንክ ቤት የምትሄደው ሰርግ እንደተጠራ ሰው ለባብሳ ነበር። ከጨፋ ቅቤ እየገዛች ከሚሴ ገበያ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ከትርፏ የቻለችውን ለሐጅ ታስቀምጣለች። የመስኮቷ ሠራተኛ መጀመሪያ ስለ ጉልበቷ ሕመም ትጠይቃታለች፣ ከዚያ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክታ ታሳትማታለች። አክስቴ ወለድ እንዳይገባባት በሄደች ቁጥር ታሳስባለች፣ ሠራተኛዋም በሄደች ቁጥር ትስቃለች። ባንክ ማለት ለእኔ ይኸው ነበር፤ ሰው ሰውን የሚያውቅበት ቤት።

ኋላ በካርድ ገንዘብ የሚያወጣው ማሽን መጣ። ዋናው መንገድ ዳር፣ ባጃጆች በሚቆሙበት በኩል፣ ግድግዳው ተሰርስሮ ተተከለ። ብዙም ሳይቆይ ያቺ ሠራተኛ ተዛወረች፣ መስኮቷም ተዘጋ። አክስቴን ካርድ ካልወሰዱ ብለው ያዟት። ማንበብ አትችልም ብላቸው፣ ቁጥር ታውቅ የለም ወይ አሉኝ። ካርዱን የሰጣት ወጣት፣ ሚስጥር ቁጥሩን ለማንም፣ ለልጅዎም ቢሆን እንዳይነግሩ ብሎ አስጠነቀቃት። ፊቷ ጠቆረ። ስንወጣ፣ ከሰው የሚደበቅ ነገር ደግ ነገር አይደለም አለችኝ። እኔ ደግሞ የተማርኩ ነኝና ሳቅኩባት።

ሐሙስ ሐሙስ ቤቷ ዱዓ አለ። ዱበርቲዎቹ፣ የሰፈራችን የዱዓ ሴቶች፣ ይሰበሰባሉ፤ የታመመችው ሕመሟን፣ ልጇ ዓረብ አገር የሄደባትም ጭንቀቷን ታወጣለች፣ ሌሎቹ አሜን ይሉላታል። እዚያ የማይነገር ነገር የለም። ያልተነገረ ነገር ዱዓ አይደርሰውም ባዮች ናቸው። ያን ሐሙስ አክስቴ ካርዱን ከሙዳዩ አውጥታ ምንጣፉ መሃል አስቀመጠችው። የሐጅ ገንዘቤ በዚህ ተቆልፏል፣ አላህ ይጠብቅልኝ አለችና ቁጥሩን አንድ በአንድ ጠራችው። ሁሉም አሜን አሉ።

ጓዳ ሆኜ ሰማኋት። ገብቼ ዝም በይ እንዳልላት፣ ሴቶቹን ሌባ ማለት ሊሆንብኝ ነው። በማግስቱ ቁጥሩን እናስቀይረው ብላት በጣም ተቆጣች። አሜን የተባለበትን ነገር መቀየር ለእሷ ዱዓውን መልሶ መትፋት ነበር።

ከዚያ ለሥልጠና ደሴ ሄድኩ። ስደውልላት ደህና ነኝ አልሐምዱሊላህ ትላለች። አንድ ቀን ግን እየሳቀች፣ የስልክ ሰዎች ወደውኛል፣ መልእክት በላይ በላዩ ይልኩልኛል አለችኝ። ምን ይላል ብላት፣ ማንበብ የምችል መሰለሽ ወይ ብላ ወደ ቅቤ ዋጋ አለፈች። ስልኩን እንደዘጋሁ ፈቃድ ጠይቄ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ኮምቦልቻን፣ ሐርቡን አልፈን ከሚሴ እስክንደርስ ድረስ ከሹፌሩም ከመንገዱም ጋር በሆዴ ስጣላ ነበር።

መልእክቶቹ ሁሉ ከባንኩ ነበሩ። ወጪ፣ ወጪ፣ ደግሞ ወጪ። ካርዱ ግን ሙዳዩ ውስጥ እንደተቀመጠ አለ። ይበልጥ ያስፈራኝ እሱ ነው። የሚወስደው ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ካርዱን ቦታው ይመልስ ነበር፤ እንዲያ የሚያደርግ ደግሞ ቤቱን የሚያውቅ፣ ገባ ወጣ ሲል ማንም ምን ፈለግህ የማይለው ሰው ነው።

ባንክ ቤት ይዣት ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ደህና ሰው ነው፤ ማሽኑ ካሜራ አለው፣ ምስሉ ተገኝቷል ብሎ ኮምፒዩተሩን ወደ እኛ አዞረው። አክስቴ ሻሿን ጎትታ ዓይኗን ሸፈነች።

"ሂን ኢላሉ፣ አላይም" አለች።

"እናቴ፣ ማን እንዳወጣው ካልታወቀ እኮ ገንዘብዎ ቀልጦ ይቀራል።"

"ይቅር። እኔ ነኝ ያወጣሁት ብለህ ጻፍ። ካየሁማ ሐሙስ ከማን ጋር ዱዓ ልቀመጥ ነው?"

እኔ ግን አይቼ ነበር። ኮምፒዩተሩ ሲዞር ዓይኔ ቀድሞኝ ገባ። አክስቴ ክንዴን ይዛ እየተነሳች፣ አንቺም አላየሽም አለችኝ። እየጠየቀችኝ አልነበረም። ወደ ቤት ስንሄድ ስለ ሌላ ነገር ብቻ አወራች።

ሐሙስ ሁሉም መጡ። አንዲትም አልቀረችም። አክስቴ ሐጁ ለዘንድሮ አልተጻፈልኝም አለቻቸው፣ ሌላ አልጨመረችም። አጽናኗት፣ ያለቀሱላትም ነበሩ። ቦታ ሲጠብ ያቺ በኮምፒዩተሩ ያየኋት ሴት መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፤ ቀሚሷ ቀሚሴን ነካው። አክስቴ እጇን ዘርግታ፣ አላህ የጠፋብንን ይተካልን ስትል ሁሉም አሜን አሉ፣ እሷም አለች። የእኔ አፍ አልከፈት አለ። ሳላውቀው ወደ ግድግዳው ተጠግቻለሁ፣ ቀሚሴንም ሰብስቤያለሁ።

አክስቴ ዱዓውን አቁማ አየችኝ። ከዚያ ዓይኗ ከእኔ አልፎ፣ ወደሸሸኋት ሴት ሄደ። የአክስቴ ፊት ሲለወጥ አየሁት። እጆቿን ሳታወርድ ዱዓውን ቀጠለች፤ ድምፅዋ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ነው።