ልብስ ሰፊው በጉርድ ቀሚስ የተሰለፈ ዕለት

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሩ» ይለዋል፤ መለኪያው ከአንገቱ ስለማይወርድ ነው። ዐርባ ዓመት የሰው ቀሚስ ሲሰፋ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ደንበኛ ቢቆጣው እንኳ መርፌውን በከንፈሩ ይዞ መለካቱን ይቀጥላል።

ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከሴት ልጁ ጋር በጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ቼዝ ይጫወታሉ። ልጁ መካኒክ ናት። ሁለቱም ለሰፈሩ ክለብ ይሰለፋሉ። ባለፈው ዓመት ውድድር ላይ የታጠበና የተተኮሰ ሱሪዋን ለብሳ ብትመጣ፣ ዳኛው ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ደንብ በጣቱ አሳያት፤ ሴት ጉርድ ቀሚስ፣ ወንድ ሱሪ ይላል። አንዲት ወታደር ሳታንቀሳቅስ ተሸንፈሻል ተባለች። ሜትሩ አጠገቧ ተቀምጦ አንገቱን ደፋ። ያ አንገት መድፋት ዓመት ሙሉ ሲቆረቁረው ከረመ።

ዘንድሮም ደንቡ እንደተለጠፈ ነው።

«እኔ አልሄድም፣ አባዬ። ደግመው እንዲያባርሩኝ ነው?»

«ትሄጃለሽ። ሱሪሽን ለብሰሽ።»

«ቀሚሱስ?»

«እሱን ለኔ ተይው።»

ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ቆረጠ፣ አራት ሽንሽን አወጣ፣ ገበር አገባበት፣ ከጉልበቱ በታች አራት ጣት አስረዘመው። ወገቡንም በራሱ ልክ አደረገው።

ጉርዱን ለብሶ፣ ሱሪ ከለበሰች ልጁ ጋር ሲገባ አዳራሹ ገና ከበሩ በሳቅ ተቀበለው። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ተጋጣሚው ዳቦ ጋጋሪው ነበር። «ዐይኑን በጨው አጥቦ መጣ እኮ!»

«እግሩ ግን ቀጥ ያለ ነው» አለች አንዷ።

ዳኛው እየተጣደፈ መጣ። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት?»

«ምንም። ከቤታችን አንድ ቀሚስ ፈልጋችሁ ነበር፤ ይኸው መጥቷል።»

«ደንቡ ለወንድ ሱሪ ነው የሚለው።»

«አንብቤዋለሁ።»

«እንግዲያው ልብስ ሳትቀይሩ አንድ ጠጠር እንዳትነኩ። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ካልቀየራችሁ ሁለታችሁም ተሸንፋችኋል።» ብሎ የአባትና ልጁን ሰዓት አስነሣ።

ሜትሩ ደንበኞቹ ሲያደርጉ እንዳየው ሽንሽኑን ከሥሩ አስተካክሎ ተቀመጠ። ብርዱ በባቱ ሽቅብ ይወጣል።

ልጁ ከጎኑ ሆና አንሾካሾከች። «በኛ ምክንያት ክለቡ ይወድቃል፣ አባዬ። እንውጣ።»

«ተቀመጪ።»

ግማሽ ሰዓቱ ሞላ። ዳኛው በሁለቱም ስም ፊት ዜሮ ጻፈና ወረቀቱን ለተጋጣሚዎቹ አቀረበ፤ አሸናፊው ካልፈረመ ውጤት አይጸናም። ዳቦ ጋጋሪው እስክሪብቶውን አነሣ፣ የሜትሩን ባዶ ባት አየ፣ መልሶ አስቀመጠው።

«ይፈርሙ እንጂ» አለ ዳኛው።

«ነገ ደንበኛ እንዴት አሸነፍክ ሲለኝ ምን ልበል? ቀሚስ ፈርቼ ሳልጫወት ልበል? አልፈርምም።»

ዳኛው ወደ ልጅቷ ተጋጣሚ ዞረ፤ ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። መነጽሯን አወለቀች።

«ሃያ ዓመት በዚህ አዳራሽ ጉልበቴን ብርድ ሲበላኝ ማን ጠየቀኝ? እኔም አልፈርምም። ደግሞ በሚቀጥለው ሱሪ ነው የምለብሰው።»

አሁን የሚስቅ አልነበረም። ዳኛው ያልተፈረመውን ወረቀት አጠፈው። «ለበላይ አመለክታለሁ።»

«አመልክት፣ ልጄ» አለ ሜትሩ። ድምፁ እስከ በሩ ተሰማ። «ቀሚሱ ኪስ እንዳለውም ጻፍበት።»

ውጤቱ ስላልጸና ጨዋታው ገና ነው፤ ከሜትሩ ጊዜ ግን ግማሽ ሰዓት ተበልቷል። በንግሥቲቱ ፊት ያለችውን ወታደር ሁለት ቤት ገፋና ሰዓቱን መታ። ልጁም ከጎኑ ፈረሷን አስወጣች።