ስንቅነሽ የመለሰችው ደብዳቤ

ስንቅነሽ ወረቀት ትፈራለች። ስትፈራ ግን አትሸሽም፣ ትሮጥለታለች። ይህን ጠባይ ያመጣችው ከጎንደር ነው፤ ወደዚህ አገር፣ ወደ እስራኤል፣ ለመግባት ተራ ስንጠብቅ ከኖርንበት ግቢ። እኔም እዚያ ስለነበርኩ አልፈርድባትም።

በዚያ ግቢ የሚሄድ ሰው ስም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ ነበር። ስሙ የወጣ ሰው በዕለቱ ካልቀረበ ተራው አለፈ ማለት ነው። አባባ ሀይሌ የሚባሉ ሽማግሌ ለቅሶ ሄደው ሳለ ስማቸው ወጣ። ሲመለሱ ወረቀቱ ተነሥቷል። ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ተቀመጡ። ስንቅነሽ ያኔ ልጅ እግር ነበረች፤ ከዚያ ቀን ወዲያ ውሃ ልትቀዳ ስትሄድ እንኳ በዚያ ግድግዳ በኩል ዞራ ነበር የምትሄደው።

የእሷ ስም ወጣና መጣች። ታናሽ ወንድሟ ክፍሌ ግን የጎደለ ማስረጃ አለ ተብሎ ቀረ። ይኸው አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ።

ቤርሼባ፣ ሽኩና ቤት በሚሉት ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ ላይ ነው የምንኖረው፤ እኔ ታች፣ እሷ ሦስተኛው ፎቅ። ጠዋት ሽኩና ሄ ወደሚሉት ሰፈር ሄዳ የሕንፃ ደረጃ ታጥባለች፣ ከሰዓት በኋላ አሮጌው ከተማ ሱቆች ታጸዳለች። የክፍሌን ጉዳይ የያዘው መሥሪያ ቤት ከእንግዲህ ደብዳቤ በኢሜይል ነው የሚመጣው ስላላት ኢሜይል አወጣች። የይለፍ ቃሉን፣ እዚህ ሲስማ የሚሉትን፣ የወንድሟን ስምና የተወለደበትን ዓመት አደረገችው። በዚያ ኢሜይል ሌላ ጉዳይ አልነበራትም። ጠዋት ታየዋለች፣ በምሳ ሰዓት ታየዋለች፣ ማታ ታየዋለች። እንደዚያ ግድግዳ።

ባለፈው ዓመት ከፋሲካ በኋላ፣ በአንድ ዓርብ፣ የልጄ ልጅ ሳፒር ከወታደር ቤት ለእረፍት መጥታ ስልኬን ስታስተካክልልኝ አንድ መልእክት አሳየችኝ።

«ሳቭታ፣ ይሄን ነክተሽዋል?» አለችኝ። እዚህ የተወለዱት አንቱ ማለት አያውቁም፤ አያትን ሳቭታ ብለው አንቺ ይላሉ፣ ለምጄዋለሁ።

«አልነካሁም። ምንድን ነው?»

«ሌባ ነው። ኢሜይሉን የሚሰጠንን ኩባንያ መስሎ ነው የመጣው። ተመልከቺ፣ ከላይ የኩባንያው ስም አለ፤ ስሙን ስትነኪው ግን የላከበት አድራሻ ሌላ ነው። ስምሽን እንኳ አያውቅም፣ ‹ውድ ደንበኛ› ይላል። ደግሞ ያስቸኩላል። በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ኢሜይልሽ ይዘጋል፣ እዚህ ገብተሽ ሲስማሽን ጻፊ ይልሻል። እውነተኛው ኩባንያ በመልእክት ሲስማ አይጠይቅም።»

«በይ አጥፊው።»

«ማጥፋት ብቻማ አይበቃም። እዚህ ጋ ነክተን ማጭበርበር ነው ብለን እናመለክታለን፣ ኩባንያው ያግደዋል። ለሕንፃችን ሴቶችም በስልክ ግሩፓችሁ ላይ እንጻፍላቸው።»

«ተይው» አልኳት። «ጥሩዬ ተበላች ይሉኛል።»

«አልተበላሽም እኮ።»

«እሱን ማን ያጣራል? ያቺ የላዩ ፎቅ ፕኒና እስከ ሱኮት በዓል ስትስቅብኝ ትከርማለች።»

ሳፒር በዕብራይስጥ አንድ ነገር አጉረመረመችና አጠፋችው። አላመለከትንም፣ ለማንም አልጻፍንም።

እሑድ ዕለት ያው መልእክት ለስንቅነሽ ደረሳት። ደረጃ እያጠበች ነበር። ይዘጋል የሚለውን ቃል ስታይ እጇን በቀሚሷ አደረቀች፣ ደረጃው ላይ ተቀመጠች፣ የክፍሌን ስምና ዓመቱን ጻፈችላቸው። «ደስ ብሎኝ ነበር እማማ፣ በሰዓቱ መለስኩ ብዬ» አለችኝ በኋላ።

በሦስተኛው ቀን ኢሜይሏ አልከፈት አላት። አጥፍቼ ነው፣ የሆነ ነገር አበላሽቼ ነው ብላ ለማንም አልተናገረችም። እኛ ገመናችንን እንደምንሸፍን ሸፈነችው። አንድ ወር ሊሞላ ሲል በእሷ ስም ለእኔም ለሌሎቹም መልእክት መጣልን፤ ይህን ክፈቱ የሚል። ሳፒር ቤት ነበረች። አየችና «ይሄንን ስንቅነሽ አልላከችውም» አለች። ተያይዘን ወደ እሷ ቤት ወጣን።

ስንቅነሽ ስልኩን ሰጠችን፤ የሆነውንም ነገረችን።

ሳፒር ልትነግራት ሞከረች። «ስምሽን አልጠራም። አስቸኮለሽ። እዘጋብሻለሁ ብሎ አስፈራራሽ። ይሄ ሁሉ የሌባ ምልክት ነው።»

ስንቅነሽ ቀና ብላ አየቻት። «ሳፒርዬ፣ እኔ ከመጣሁ ጀምሮ የትኛው ቢሮ ነው በስሜ የጠራኝ? የትኛውስ ነው ሳያስቸኩለኝ የቀረ?»

ሳፒር ስልኩን ይዛ ተቀመጠች።

ኢሜይሉ ተሰርቋል ብላ ለኩባንያው አመለከተች። ዘጠኝ ቀን ፈጀ፣ ኢሜይሏ ተመለሰ። ከውስጡ ከመሥሪያ ቤቱ የተላከ አንድ ደብዳቤ ወጣ፤ ቀድሞ የተከፈተ፣ ሌባው ያየው። ሳፒር አነበበችልን። «የተከበሩ ወይዘሮ ስንቅነሽ» ብሎ ይጀምራል። ወንድሟ ክፍሌ ማስረጃዎቹን ይዞ ጎንደር ለቃለ መጠይቅ እንዲቀርብ እንድትነግረው ይላል። የቀጠሮው ቀን ካለፈ ስድስት ቀን ሆኖታል።

ስንቅነሽ አላለቀሰችም። «በስሜ ጠሩኝ» አለች ብቻ።

በማግሥቱ ቢሮው አብሬያት ሄድኩ። ጸሐፊዋ ክፉ ሰው አልነበረችም። ኮምፒውተሩን አየችና ፋይሉ ወደ ተራው ተመልሷል፣ ሌላ ደብዳቤ ጠብቂ አለቻት። ስንቅነሽ ከበሩ ሳንርቅ ለክፍሌ ደወለችለት። ድምፁ ይሰማኝ ነበር፤ «ግድ የለም እቴ፣ መጠበቁን ለምጄዋለሁ» አላት። ቢሰድባት ይሻላት ነበር።

በሳምንቱ ፕኒና በር ላይ ቆማ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች» እያለች ለጎረቤት ስትተርት ሰማኋት። እኔ አልሳቅኩም። አፌንም አልከፈትኩም። ልናገር ብል የምናገረው ነገር ነበረኝ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣብኝ ራሴ አመለክታለሁ፤ ሁለት ቦታ መንካት ነው፣ ክር በመርፌ ማስገባት ይብሳል። ለሴቶቹም በድምፄ እልካለሁ፣ ጥሩዬ ነኝ ብዬ። ፕኒና ሳቀች፤ ትሳቅ። ስንቅነሽም መልእክት በመጣላት ቁጥር ስልኳን ይዛ ትወርዳለች። «እማማ ጥሩዬ፣ ይዩልኝ፣ እውነት ነው ሐሰት?» ትለኛለች። እያንዳንዷ ጥያቄ ትወጋኛለች።

ከሱኮት በፊት ባለው ሳምንት መሸሸጉን አልቻልኩም። የእኛን ደረጃ እያጠበች ነበር፤ ይህን በነፃ ነው የምታጥብልን።

«ስንቄ» አልኳት፣ «ያ ይዘጋል የሚለው ደብዳቤ ላንቺ ሳይመጣ እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር። ሌባ መሆኑን አውቄ ዝም አልኩ።»

ጨርቁን ጨመቀችው።

«አውቃለሁ እማማ። ሳፒር ነግራኛለች።»

«ታዲያ ስልክሽን ለምን ለእኔ ታመጪያለሽ?»

«ለማን ላምጣው?» አለችኝ። «ወንድሜ ጎንደር ነው።»

ከኪሷ አወጣችና ዘረጋችልኝ፤ አንድ አዲስ መጥቶላት ነበር። ተቀበልኳትና መነጽሬን ልፈልግ ገባሁ።