ጭማሪ ልጠይቅ ሄጄ የተሸከምኩት ድንጋይ

ስደተኛ በሌሊት ይወጣል ሲባል ሰምቼ ስለነበር እኔም በሌሊት ልወጣ ቆርጬ ነበር። ስንቄን ቋጥሬ፣ እናቴን ተሰናብቼ፣ ዶሮ ሲጮህ እነሣለሁ ብዬ ጋደም አልኩ። ስነቃ ፀሐይ ቤቱን ሞልታዋለች። የባሰው ደግሞ ቀኑ የቢቸና ገበያ መሆኑ ነው። በሬ የሚነዳው፣ እህል የጫነው፣ ሁሉም እያስቆመ "ይበልጣል፣ ወዴት ነው?" ይለኛል። "ተሰድጄ ነው" እላለሁ። "ወዴት አገር?" ሲሉኝ "ሞጣ" ስላቸው የሳቁትን ሰዎች ስም እስከ ዛሬ አልረሳሁም።

ይሳቁ እንጂ። ሁለት ቀን ተኩል የእግር መንገድ ነው። የመጀመሪያውን ቀን ደብረ ወርቅ፣ ቅኔ በተማርኩባት ከተማ አደርኩ። እዚያ እንኳ የሚያውቀኝ ሰው ነበር። ከደብረ ወርቅ ወዲያ ግን ስሜን የሚጠራ ጠፋ፤ ያን ጊዜ መሰደዴ እውነት መሆኑ ገባኝና አንድ ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይህን ለእናቴ እንዳትነግሩብኝ።

ለምን እንደወጣሁ ቢቸና ያላችሁ ታውቃላችሁ፤ ሌላ አገር ሆናችሁ ለምታነቡት ልንገራችሁ። ጥሩወርቅ የምትባል ልጅ አጭቻለሁ። አባቷ አለቃ ወርቅነህ ናቸው። በዐቢይ ጾም ዋዜማ አስጠርተውኝ፣ "ቅኔህን ሰምቻለሁ፤ መልካም ነው። ነገር ግን ልጄን ዝናብ ሲመጣ ቅኔ አያስጠልላትም። ጎጆ ኖሮህ በዳግማይ ትንሣኤ ከመጣህ ትወስዳታለህ። ካልመጣህ ሌላም ጠያቂ አለ" አሉኝ። ሌላው ጠያቂ ማን እንደሆነ አልነገሩኝም። ሁለት በቅሎ እንዳለው ግን ከሌላ ሰው ሰማሁ። እኔ በእግሬ ነው የመጣሁት።

ሞጣ ሥራ አገኘሁ፤ ቶሎ አገኘሁ። ሐጂ ይመር የሚባሉ፣ ከወሎ መጥተው ከከተሙ ብዙ ዘመን የሆናቸው የእህል ነጋዴ፣ ጽሕፈቴን አይተው ለመጋዘናቸው ጸሐፊ አደረጉኝ። ገበሬ ጤፍ ሲያመጣ ባስኩላ በሚሉት ብረት ላይ አስመዝናለሁ፣ ክብደቱን ፋክቱር በሚሉት የሒሳብ ወረቀት ላይ እጽፋለሁ፣ ሰውየው ፋክቱሩን ይዞ ሐጂ ዘንድ ይሄዳል። ይኸው ነው ሥራው።

አገሩን ግን አልለመድኩትም። ነፋሱ የቢቸና ነፋስ አይደለም፣ ውኃውም የሰው አገር ውኃ ነው። ሽሮው ቀጥኖብኝ ለእናቴ ጽፌ ነበር። በኋላ ሳስበው ሽሮው ያው ሽሮ ነው፤ የቀጠነብኝ በገንዘቤ ስለበላሁት ነው።

ቤት የተከራየሁት ከወይዘሮ ብርቄ ነው። አንዲት ክፍል ናት፤ እግሬን ስዘረጋ በሩን እገፋዋለሁ። አንድ ቀን፣ "ለፋሲካ ሚስት ላመጣ ነው" አልኳቸው።

"አምጣ። ኪራዩ ግን ይጨምራል።"

"ክፍሉ ያው ክፍል አይደለም እንዴ?"

"ሁለት ሰው በሩን ሁለት ጊዜ ይከፍተዋል። ማጠፊያው ያልቃል።"

"ማጠፊያ እኮ የለውም፤ በጠፍር ነው የታሰረው።"

"እንግዲያማ ጠፍሩ ቶሎ ያልቃል" አሉኝ።

የተጨመረውን ኪራይ ከደመወዜ ላይ ብቀንሰው እኔና ጥሩወርቅ ዓመቱን ሙሉ መጾማችን ነው። ስለዚህ ጭማሪ መጠየቅ አለብኝ። ሥራ ከገባሁ ገና ሃያ ቀኔ ነው፤ ግን ዳግማይ ትንሣኤ እኔን አይጠብቅም።

እንዴት ይጠየቅ? ጌታን ፊት ለፊት "ጨምሩልኝ" ማለት በእኛ አገር ያሳፍራል። ሚስት በሽማግሌ ትጠየቃለች፣ ደም በሽማግሌ ይደርቃል፤ ታዲያ ደመወዝ ለምን ይቀርበታል ብዬ መሪጌታ ካሳ ዘንድ ሄድኩ። የቢቸና ሰው ናቸው፤ ሞጣ ሲያገለግሉ ሸምግለዋል።

"ከገባህ ስንት ጊዜህ ነው?" አሉኝ።

"ሃያ ቀን።"

መሪጌታ ጺማቸውን ያዙ። "ልጄ፣ በሬ አስመልሻለሁ፣ ባልና ሚስት አስታርቄያለሁ። ደመወዝ የሚሉትን ግን በዓይኔም አይቼው አላውቅ። ይሁን፣ ያገሬ ልጅ ነህ፣ እሄድልሃለሁ።"

እሁድ ጠዋት ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው መጋዘኑ ግቢ ገቡ። እኔ እንደ ወጉ ራቅ ብዬ ከአጥሩ ጥግ ቆምኩ። ሐጂ ይመር ሦስት ሽማግሌ ነጭ ለብሶ በር ላይ ቆሞ ሲያዩ ደነገጡ።

"ማን ሞተ?" አሉ።

"ማንም አልሞተም" አሉ መሪጌታ። "ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም። ልጃችን ይበልጣል ደመወዝ አንሶት ነው።"

ሐጂ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን አዩ፣ ከዚያ ከአጥሩ ጥግ እኔን አዩኝ። "አንቱ ሽማግሌ ሆነው ከመጡማ ይቀመጡ። ሽማግሌ የሁለቱንም ወገን ይሰማ የለ? እኔም ክስ አለኝ" አሉ።

ይህን አላሰብኩበትም። ሽማግሌ ከተላከ የማንም ጠበቃ አይደለም፤ የሁለቱን ሰምቶ ይፈርዳል። ሕፃን የሚያውቀውን ነገር ሃያ ቀን ሙሉ ሳስብ አላስታወስኩትም።

ሽማግሌዎቹ የጤፍ ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ሐጂ ፋክቱሮቹን አመጡ። እኔ ደብረ ወርቅ በተማርኩት እጅ፣ ከእያንዳንዱ ፋክቱር ራስ ላይ "በስመ አብ ወወልድ" ብዬ በቀይ ቀለም አስጊጬ እጽፍ ነበር። ገበሬው እየተሳለመ ይወስደዋል፣ እኔም ደስ ይለኛል። "እኔ እስላም ነኝ" አሉ ሐጂ። "ልጁን ላለማሳፈር ብዬ መዝገብ ከማስገባቴ በፊት ላዩን በመቀስ እቆርጣለሁ። ጣቴ አበጠ። ደግሞም አንዱን አስጊጦ እስኪጽፍ አምስት ገበሬ ይሰለፋል።"

መሪጌታ ፋክቱሩን አንሥተው አዩት። "እጁስ መልካም ነው" አሉ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"ሁለተኛው ክሴ በዓል ነው። አቦ ብሎ ቀረ። ሥላሴ ብሎ ቀረ። ሚካኤል፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ገብርኤል፣ ማርያም፣ ጊዮርጊስ። ቅዳሜና እሁድ አለ። ከሃያው ቀን የሠራው ዘጠኝ ነው። የሰው ሃይማኖት አልነካም ብዬ ደመወዙን አልቆረጥኩበትም።"

ተናገር ተባልኩ። ከአጥሩ ጥግ ወጥቼ፣ "በዓል መሻር ኃጢአት ነው ብዬ ነው" አልኩ፤ መሪጌታ በዚህ እንኳ ይረዱኛል ብዬ።

"ልጄ፣ የአቦ ዕለት ማረስ ይከለከላል። የተከለከለው ሞፈር ነው፤ ብዕርን ማን ከለከለብህ? እኔ ራሴ የአቦ ዕለት ስጽፍ ነው የምውለው" አሉኝ መሪጌታ። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ሦስቱ ተመካከሩና ቆመው ፈረዱ። "ዘጠኝ ቀን ሠርተህ የሃያ ቀን ታስቦልሃል። ስለዚህ ደመወዝህ ከገባህበት ቀን ጀምሮ ከእጥፍ በላይ ተጨምሮልህ ኖሯል። የተጨመረልህን ሳታመሰግን ጌታህን በሽማግሌ አስጨንቀሃል። ድንጋይ ተሸክመህ ይቅርታ ትጠይቃለህ።"

ጭማሪ እንዲያመጡልኝ የላክኋቸው እነሱ ናቸው። ድንጋዩንም ከግቢው በር የመረጡልኝ እነሱው ናቸው፤ መሪጌታ ትንሹን ሲያነሱ አንደኛው ጓደኛቸው "ይህስ ያንሳል" ብሎ አስቀየራቸው። በትከሻዬ ተሸክሜ፣ አጎንብሼ፣ ሐጂ ፊት ቆምኩ።

"ይቅር ብያለሁ፤ አውርደው" አሉ። ላወርደው ስል፣ "እዚያ አይደለም፣ ባስኩላው ላይ" አሉኝ። አስቀመጥኩት። "ስንት ይላል?"

"ዐሥራ ሁለት ኪሎ።"

"ፋክቱር ጻፍለት። በስመ አብ የለበትም።"

ጻፍኩ። እንደዚያ ፈጥኜ ጽፌ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲሄዱ ሐጂ አጠገቤ ቀሩ። "እኔም ከወሎ እንደመጣሁ፣ በመጀመሪያው ወር ጭማሪ ጠይቄ ነበር" አሉኝ።

"ጨመሩልዎ?"

"አባረሩኝ። ነጋዴ የሆንኩት ለዚያ ነው። አንተን አላባርርህም። እስከ መስከረም በወጉ ሥራ፤ መስከረም ሲጠባ ሽማግሌ ሳትልክ ራስህ ና።"

ደግ ሰው ናቸው፤ ሌላ ምን ይበሉኝ? ነገር ግን መስከረም የሚመጣው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ አንድ ክረምት ሙሉ አልፎ ነው። በቅሎ ያለው ሰው ክረምት እስኪወጣ አይጠብቅም።

ደመወዜን የተቀበልኩ ዕለት ቴሌፎን ቤት ሄጄ ጥሩወርቅን ከቢቸና አስጠራኋት። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር የተቀመጠው ሠራተኛ ቅጹን ሲሞላ፣ "ጉዳዩ ቤተ ዘመድ ነው ንግድ?" አለኝ።

"እጮኛዬ ናት።"

"እጮኛ የሚል እዚህ የለም።"

"እንግዲያ ንግድ በለው።"

"ምን ትነግዳለህ?"

"እስካሁን ከስሬያለሁ" አልኩት። ሳይስቅ "ንግድ" ብሎ ጻፈ።

ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ጆሮውን አቁሟል። ስልኩ ሲንጫጫ ቆይቶ ድምፅዋ መጣ።

"ይበልጣል? ድንጋይ ተሸከምክ አሉ።"

"ማን ነገረሽ?"

"ከሞጣ የመጡ ነጋዴዎች። ሦስት ሰው የማያነሣው ነው አሉ።"

"ዐሥራ ሁለት ኪሎ ነው፤ መዝኜዋለሁ።"

ሳቀች። እንዴት እንደናፈቀችኝ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ የምለው ሁሉ ጠፋኝ። ከኋላዬ አንዱ "ተናገር እንጂ፣ ደቂቃህ ሊያልቅ ነው" አለኝ።

"ጥሩዬ፣ ጭማሪው እስከ መስከረም የለም። አትደብቂኝ፣ አባባ እስከ መስከረም ይጠብቁኛል?"

"የድንጋዩን ነገር ትናንት ነገርኳቸው።"

"ምን አሉ?"

"የሚያነቡትን መጽሐፍ አጥፈው..."

ተቋረጠ። ሠራተኛው ደቂቃው መሙላቱን ነገረኝ፤ ለመድገም እንደገና ይከፈላል። ኪሴ ውስጥ የቀረው የወይዘሮ ብርቄ ኪራይ ብቻ ነበር። ልሰጠው አውጥቼ፣ ቤት ከሌለኝ አለቃን ልጃቸውን በምን እጠይቃቸዋለሁ ብዬ መልሼ ከተትኩት።

ይኸው ከዚያ ወዲህ የአቦንም የሥላሴንም ዕለት ስጽፍ እውላለሁ። ፋሲካ ሊደርስ ነው። ከቢቸና የመጣ ነጋዴ ባየሁ ቁጥር አለቃ መጽሐፋቸውን አጥፈው ምን እንዳሉ እጠይቃለሁ፤ የሚያውቅ አላገኘሁም። እናንተ ወደዚህ የምትመጡ፣ እባካችሁ ያሉትን ሳትሰሙ አትምጡ። መጋዘኑ አይጠፋችሁም፤ በሩን ነፋስ እንዳይዘጋው አንድ ድንጋይ ተደግፎበታል። ይበልጣል የት ነው ብላችሁ እዚያ ጠይቁ።